ለአጃቢነት የሚሆን ሰው ምን ዓይነት ነው? ጡንቻ መጨረሻ ላይ ይመጣል እላለሁ

መክፈቻ

ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ቁመቱ እንዲያ ነው። ጂም ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን አጃቢ መሆን እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔ ለአንድ ነጋዴ 9 ዓመት አጃቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ደነገጥኩ። ስለ ሥራው ሲያወራ ከአፉ የወጣው ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር መነጽርና ጆሮ ላይ የሚሰካው ነገር ብቻ ነው።

በ9 ዓመት ውስጥ እጄን ሰው ላይ ያሳረፍኩት ሁለት ቀን ነው። ሁለቱም ሰካራሞች ነበሩ። የቀረው ጊዜ መቆም፣ መጠበቅ፣ ማየትና ዝም ማለት ነው።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ከአለቃዬ ጋር ሠርግ ሄድኩ። እሱ ተቀምጧል፤ እኔ ከወንበሩ ጀርባ በስተግራ ቆሜያለሁ። የሙሽራዋ እናት ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እኔ መጡ። ሰው በሠርጋቸው ላይ ሳይበላ ቆሞ ማየት አልቻሉም። እጃቸው አፌ ጋ ደረሰ። ብጎርስ ለጥቂት ሰከንድ አዳራሹን አላየውም። እጃቸውን ብገፋ ደግሞ እናትን በልጃቸው ሠርግ አስቀይማለሁ፤ አለቃዬንም አሰድባለሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ አልኩና፣ እማዬ አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ስጨርስ ራሴ መጥቼ ከእጅዎ እጎርሳለሁ አልኳቸው። መረቁኝ። ማታ አለቃዬን ቤቱ አድርሼ ተመለስኩና ጎረስኩ። ይህን ጂም ውስጥ የሚያስተምር የለም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ወይም በቅርብ የምታውቁት፣ እስቲ ንገሩኝ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው በምን ይታወቃል? እኔ ትዕግሥት፣ ጨዋነትና ዓይን ይቀድማሉ እላለሁ። ጡንቻ መጨረሻ ላይ ነው።

መልሶቹ

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ላይ ከለጠፍኩ በኋላ መልሱ በዛ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ስለሚከብደው፣ በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። የማልስማማበትንም አልደበቅኩም።

1ኛ። አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል በር ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። ሰላምታ አቅርቦ በሐሳቤ ተስማማ። የጉርሻው ነገር የራሱን አስታወሰው። እሱን የገጠመው ጠላ ነበር። አንድ ሽማግሌ ካልጠጣህ ብለው አጠገቡ ቆሙ። ሲጨንቀው ብርጭቆውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌው ተቀይመው ሄዱ። እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

2ኛ። አልተስማማም፤ ግን በአክብሮት ነው። ሰውነት ራሱ ሥራ ይሠራል ባይ ነው። ግዙፍ ሰው ቆሞ ያየ ሌባ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እውነት አለው። ለሌባው ልክ ነው። አስቦበት፣ አጥንቶ የመጣ ሰው ግን ግዙፉን አጃቢ አይቶ አይመለስም። እንዲያውም ማንን ቀድሞ መምታት እንዳለበት ያውቃል።

3ኛ። ደመወዙ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ሌላ ነገር አልጻፈም።

4ኛ። ረጅም ነው፤ ከልብም የተጻፈ ነው። የአጃቢ የመጀመሪያ ባሕርይ ለሌላ ሰው ለመሞት መቁረጥ እንደሆነ ይናገራል። ምሳሌው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጠባቂ የነበረው ቲም ማካርቲ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1981 ዋሽንግተን ውስጥ በፕሬዚዳንት ሬገን ላይ ሲተኮስ፣ ማካርቲ ወደ ተኳሹ ዞሮ ሰውነቱን ዘረጋ። ጥይቱን በራሱ ተቀበለ። ሰው በደመ ነፍስ ከጥይት ይሸሻል። እሱ ግን ወደ ጥይቱ ዞረ። ልጁ ይህን ቪዲዮ ደጋግሞ እንዳየው ያስታውቃል።

5ኛ። ለ4ኛው እርማት ነው። የአጃቢ ሥራ መሞት ሳይሆን ሰውየውን ከቦታው ማውጣት እንደሆነ ጻፈ። በዚያው ቀን ጄሪ ፓር የተባለው ሌላው ጠባቂ ሬገንን ገፍቶ መኪና ውስጥ ከቶታል። ስድስቱም ጥይት ያለቀው ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ነው። በዚያ ፍጥነት ማሰብ አይቻልም። አስቀድሞ የተለማመደ ሰው ብቻ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ለእሱ ትልቁ ባሕርይ ሳይሰለቹ መለማመድ ነው። አንድ ነገር 500 ጊዜ ደግሞ 501ኛውን እንደ መጀመሪያው የሚሠራ ሰው።

6ኛ። ነርስ ናት። እስከ 5ኛው ድረስ ያነበበችውን ይዛ ገባች፤ ሁላችንም ያለፍነውንም ነገር አነሣች። መኪናው ሲነሣ ፓርም ሆነ ሬገን ራሱ ጥይት መመታቱን አላወቁም ነበር። ጉዞው ወደ ዋይት ሐውስ ነበር። ፓር በሰውየው አፍ ላይ አረፋ ያለው ደማቅ ደም አየ። ሳንባ መሆኑ ገባው። መኪናው ወደ ሆስፒታል እንዲዞር አዘዘ። የሰውየውን ሕይወት ያተረፈው ይህ ነው ትላለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። አጃቢ ነኝ ከሚል ሰው ውስጥ ስንቱ ደም ማቆም ያውቃል ብላ ጠየቀች። ስንቱስ ኪሱ ውስጥ ፋሻ አለው?

እኔ ሥራ ስጀምር አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ያለ ፋሻ ሠርቻለሁ። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

7ኛ። 4ኛው ተመልሶ መጣ፤ ትንሽ ከፍቶታል። ማካርቲ ባይኖር ፓር የሚያወጣው ሰው አይኖርም ነበር ባይ ነው። ልክ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

8ኛ። ከሁሉም ያስተማረኝ ይህ ነው። አንድ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት፣ ክብር ዘበኛ ውስጥ ነበሩ። ከሁሉ በፊት የተማሩት መቆም እንደሆነ ጻፉ። ጉልበት ሳይቆለፍ፣ ክብደት ከእግር ወደ እግር ሳይታወቅ እየተዛወረ፣ ለሰዓታት። ቀጥሎ ያስተማሯቸው የሰውን እጅ ማየት ነው። ፊቱን ሁሉም ማሳመር ይችላል፤ የሚጎዳው ግን እጅ ነው። እጁ የት ነው? ባዶ ነው? ወደ ኪስ እየሄደ ነው?

ከዚያ የለቅሶ ቤትን ነገር አነሡ። በእኛ አገር ለጠባቂ ከባዱ ቦታ ለቅሶ ቤት ነው ይላሉ። ወንዱ ጋቢ ለብሷል፤ ሴቷ ነጠላ አዘቅዝቃለች። የማንም እጅ አይታይም። ሰው እያለቀሰ ይሮጣል፤ አንገት ላይ ይጠመጠማል። አትቅረብ አይባልም። ታዲያ እሳቸው ምን ያደርጉ ነበር? ድንኳኑ ውስጥ አይቆሙም። መግቢያው ላይ ሆነው የዕድሩን ሰው አጠገባቸው ያቆማሉ። የዕድር ሰው ሰፈርተኛውን በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው ሰው ሲመጣ ብቻ ይነግራቸዋል። ምንም መሣሪያ ይህን አይተካም።

ጋሼ፣ እዚህም ደግሜ አመሰግንዎታለሁ። በ9 ዓመት ውስጥ የዕድር ዳኛ አጠገቤ ማቆም አንድ ቀን አልመጣልኝም።

9ኛ። ሾፌር ነው። ስለ አጃቢ ብዙ ተወራ፤ ሾፌሩ ተረሳ ብሎ ቅር አለው። ምሳሌው የእኛው ከተማ ነው። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ ሲመጡ፣ ከቦሌ ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ተተኮሰባቸው። መኪናቸው ጥይት የማይበሳው ነበር። ይህ ግን ብቻውን አያተርፍም። መኪናው ዞሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለሰ፤ ሙባረክም በዚያው ወደ ካይሮ ሄዱ። ወደ ፊት ልሂድ ወይስ ልመለስ የሚለውን በሰከንድ መወሰን የሾፌር ባሕርይ ይጠይቃል። ዓመቱን ግን 1988 ብሎ ጻፈው።

10ኛ። ዓመቱን አረመ። ሰኔ 19 ቀን 1987 ነው። በዚያ ቀን የሞቱ ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች እንደነበሩም አስታወሰ። ስለ እነሱ የሚያወራ የለም ብሎ ጨረሰ። ከዚህ በኋላ ሦስት ሰዎች ያን ጠዋት የት እንደነበሩ ጻፉ። አንዷ ተማሪ ነበረች፤ ተኩሱን ርችት መስሏት ነበር።

14ኛ። የ3ኛውን ጥያቄ ያነሣለት ሰው ተገኘ። ዱባይ በጥበቃ ሥራ ላይ ያለ የእኛው ልጅ ነው። ገንዘቡን ሳይናገር ስለ ፈቃዱ ጻፈ። እዚያ ሲራ የሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ካልሰጠ ማንም በጥበቃ ሥራ አይሰማራም። ስልጠናና ፈተና አለው። ቁመትህ ረጅም ነው ተብሎ ሥራ አይሰጥም። ሙቀቱን ካልቻልክም ዋጋ የለህም ይላል። ከዚህ በኋላ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ውይይት፣ ወደ ቪዛና ወደ ኤጀንሲ ዞረ። አምስት ስድስት መልስ እሱው ነበር። አልፌዋለሁ።

21ኛ። ለንደን የምትኖር እህታችን ናት። እንግሊዝ አገርም የግል አጃቢ ለመሆን ፈቃድ ግዴታ ነው፤ የመጀመሪያ እርዳታ ያልተማረ አያገኝም። ስለዚህ የ6ኛዋ ነርስ ጥያቄ እዚያ በሕግ ተመልሷል። እሷ ራሷ ሠልጥና ለአንድ ቤተሰብ ትሠራለች። አሠልጣኟ ካፌ አስቀመጣት። ለአንድ ሰዓት የገባውንና የወጣውን ሰው በሙሉ በአእምሮዋ እንድትይዝ አዘዛት። መጻፍ ክልክል ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ይጠይቃታል። ከግራ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ማን ነበር? ጫማው? ቦርሳ ይዞ ገብቶ ያለ ቦርሳ የወጣ አለ? በመጀመሪያው ቀን ግማሹን አላወቀችውም። ብልህ ነኝ ብዬ አስብ ነበር ትላለች።

22ኛ። ክሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዱ መጣና ሴት ምን ልትጠብቅ ነው አለ። ከዚያም የባሰ ጻፈ፤ እዚህ አልደግመውም።

23ኛ እና 24ኛ። ሰዎች ተሳደቡበት። እኔም ሰደብኩት። መሳደብ አልነበረብኝም።

25ኛ። የለንደኗ ራሷ መለሰች፤ ሳትቆጣ። የምትጠብቃቸው አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿን ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ስትቆም ሁሉም እናት ወይም አክስት ናት ብሎ ያልፋታል። ማንም ልብ አይላትም። መታጠቢያ ቤት፣ ልብስ መለኪያ ክፍል፣ ሐኪም ቤት አብራ ትገባለች። ግዙፉ ወንድ በር ላይ ይቀራል። በመጨረሻ 22ኛውን በትህትና ጠየቀችው። አንተ እዚያ ብትሆን የት ትቆማለህ? መልስ አልሰጠም። ይህን ለታናሽ ወንድሜ አነበብኩለት። ሰው ሳያይህ መሥራት የሚባለውን ነገር ከእኔ ይልቅ እሷ አስረዳችው።

27ኛ። ይህኛው እኔን ነው ያነጣጠረው። አጃቢ ማለት የሀብታም አሽከር ነው፤ ዘንቢል ተሸክሞ ሚስትየዋን ይከተላል፤ ስለ ባሕርይ ማውራት ራስን ማታለል ነው ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት።

መለስኩለት፤ ቃላቴም አልለዘቡም። ዘንቢል አልሸከምም። ኩራት አይደለም። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው ሰውን መግፋትም ሆነ በር መክፈት አይችልም። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር የአለቃዬ ባለቤት ሁለት ፌስታል ሰጠችኝ። አንዱን ብቻ በግራ እጄ ያዝኩ። ሁለተኛውን ይቅርታ ጠይቄ መለስኩላት። ተቆጣች። ማታ ለአለቃዬ ምክንያቱን አስረዳሁት። ከዚያ በኋላ ራሷ ፌስታሉን ከእኔ ትሸሽግ ነበር። እንዲህ ያለውን እምቢታ ሳይሰድቡና ሳይዋረዱ መናገር ነው ባሕርይ የምለው። አሽከር እምቢ አይልም።

28ኛ። 1ኛው የአዳማ ልጅ ደግፎኝ ጻፈ። ግን አንድ ነገር ጨመረ። ብዙ አለቆች እምቢታውን አይቀበሉም፤ ያባርራሉ። ዘንቢል የሚሸከመውን ሰው መናቅ የለብንም፤ ልጆች ያሳድጋል። ትክክል ነው። ቃሌ እነሱን እንዳይነካ ብዬ መልሴን አስተካከልኩ።

30ኛ። አንድ ሰው ከባዱን ነገር አነሣ። ትዕግሥትም ዓይንም መታመን ከሌለ ለምን ይጠቅማሉ? የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1984 በገዛ ግቢያቸው የተገደሉት በሁለት ጠባቂዎቻቸው ነው። በእኛም አገር ሰኔ 15 ቀን 2011 ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በመኖሪያ ቤታቸው፣ በጠባቂያቸው ተገድለዋል። ሌላ ሰው የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጨመረ። ንጉሠ ነገሥቱን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ክብር ዘበኛ፣ በአዛዡ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ እየተመራ ተነሣባቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ፖለቲካ ሆነ። አንዱ ብሔር አነሣ፤ ሌላው መለሰ። አወያዩ ሰባት መልሶች አጠፋ፤ ጥሩ አደረገ። ግን ጥያቄው አብሮ መጥፋቱ ከፋኝ። ጠባቂ ለምን ይከዳል? እኔ ያየሁትን ልበል። ለደህና አለቃ እሠራ ነበር፤ ጓደኞቼ ግን ደህና አለቃ አልነበራቸውም። ሰውን ሌሊቱን መኪና ውስጥ አሳድሮ፣ ቁርስ ሳይጠይቅ፣ በሰው ፊት እየሰደበ፣ ነፍስህን ስጠኝ የሚል አለቃ አይቻለሁ። ታማኝነትን ከጠባቂው ብቻ መጠበቅ ልክ አይደለም።

39ኛ። 8ኛው አባት የክብር ዘበኛ ስም በክፉ ሲነሣ ዝም አላሉም። ከዚያ ቤት አመፅ ብቻ አልወጣም ብለው አስታወሱን። ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተመለመለው ከዚያ ነው። አበበ ቢቂላም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከዚህ በኋላ እስከ 46ኛው ድረስ ወሬው አበበ ሆነ። አንዱ በቶኪዮም በባዶ እግሩ ሮጧል አለ፤ ሌላው አረመው። በባዶ እግሩ የሮጠው እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ነው፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጓል። ከርዕሱ ወጥተናል፤ ግን ክሩ ውስጥ ሰው የተፋቀረው እዚህ ነው።

47ኛ። አንድ የቀድሞ አጃቢ ስለ አለቃው ሚስጥር ጻፈ። ስም አልጠቀሰም። ግን የየት ከተማ ሰው እንደሆነ፣ ምን እንደሚነግድ፣ ማታ ማን ጋ እንደሚሄድ ዘረዘረ። ሳቅ የበዛበት መልስ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። አወያዩን እንዲያጠፋው ጠየቅኩ፤ ጠፋ። አጃቢ የሰው ቤት ውስጥ ገብቶ የሚያየውን ካህንም አያየውም። መኪና ውስጥ ስልክ ሲያወራ ትሰማለህ፤ ሲያለቅስም ታያለህ። ሥራው ቢያልቅም ያ ነገር ከአንተ ጋር ይቀበራል።

48ኛ። መሣሪያስ ብሎ የጠየቀ ነበር። 10ኛው ዓመቱን ያረመው ሰው መለሰለት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ አጃቢ ነኝ ማለት ፈቃድ አይሆንም። አጭርና በቂ።

49ኛ። ለምን ተውከው ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። ጉልበቴ ነው። ደግሞ እንቅልፍ። ሥራ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ እንኳ ምግብ ቤት ስገባ ጀርባዬን ለበሩ መስጠት አልችልም። ልጄ ታውቃለች፤ ግድግዳው ጋ ያለውን ወንበር ለእኔ ትተዋለች።

50ኛ። 4ኛው፣ የማካርቲው ልጅ፣ ይህን አንብቦ ተመለሰ። አነጋገሩ ከመጀመሪያው ሌላ ሆኗል። ክሊንት ሂልን አመጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 ዳላስ ላይ ሲመቱ፣ ከኋላ ሮጦ መኪናቸው ላይ የወጣው ጠባቂ ነው። ሁሉም ጀግና አለው። እሱ ግን ትንሽ ቀድሜ ብደርስ ኖሮ እያለ ለዓመታት ራሱን ሲወቅስ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1975 በቴሌቪዥን ይህንኑ ሲናገር እንባውን መያዝ አልቻለም። እንግዲህ ለሥራው የሚያስፈልገው ልብ ጥይት ለመቀበል ብቻ ሳይሆን ያልደረሱበትን ሰከንድ ይዞ ለመኖርም ነው ብሎ ጻፈ። በክሩ ውስጥ አሳቡን የቀየረ ሰው ይህ ልጅ ብቻ ነው። አከበርኩት።

52ኛ። ይህን አልጠበቅኩም። ታናሽ ወንድሜ ነው። ክሩን ማንበቡን አልነገረኝም። ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ካፌ ሄዶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የ21ኛዋን ልምምድ ሞከረ። ስልኩን አጥፍቶ ለአንድ ሰዓት የገባውን ሰው ሁሉ ለመያዝ ታገለ። 26 ሰው ቆጠረ። ከዚያ አስተናጋጇን ጠየቃት። 31 ነበሩ። ያላያቸው አምስቱ እነማን እንደሆኑ ሲያስብ፣ አንዷ ሎተሪ አዟሪ እንደነበረች ትዝ አለው። በጠረጴዛው አጠገብ ሁለት ጊዜ አልፋለች። 6ኛዋን ነርስ የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና የት እንደሚሰጥ ጠየቃት።

53ኛ። ነርሷ ቀይ መስቀል ሄዶ እንዲጠይቅ ነገረችው። እስከዚያው ፋሻ ገዝቶ የራሱን ጭን እያሰረ ይለማመድ ብላለች። ዛሬ ማታ ሳሎን ውስጥ እያሰረ ነው። አላላው፤ ደግሜ እንዲያስረው ነገርኩት።